የዘይነት ደብተርና የእኔ ጉሮሮ

ወዳጄ፣ ሰውን በቁጥር መክሰስ እንዴት ደስ እንደሚል ታውቃለህ? ቁጥሩ ዞሮ ወደ ራስህ እስኪመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

እኔ መካነ ሰላም ውስጥ አንድ ኮሌጅ ሒሳብ አስተምራለሁ። የኮሌጁን የቅርጫት ኳስ ቡድንም አሠለጥናለሁ። እንዴት አሠልጣኝ ሆንክ ካልከኝ፣ አንድ ስብሰባ ላይ «ይህ ቡድን እንዴት አሠልጣኝ አይኖረውም?» ብዬ ስለተቆጣሁ ነው። የጎደለ ነገር አይቶ የተናገረ ሰው፣ ሥራው የእሱ ይሆናል። ቁመቴም ሳይረዳኝ አልቀረም። በሕይወቴ ስንት ኳስ ቀለበት ውስጥ እንዳስገባሁ ግን አትጠይቀኝ።

ቡድናችን በማጥቃት አይታማም። መከላከል ላይ ግን ምን ልበልህ? የመጣ ሁሉ ያስገባብናል። ወግዲዎች መጥተው አስገቡብን። የከተማው የመምህራን ቡድን እንኳ፣ ግማሹ ጉልበቱን የሚያመው፣ እየሳቀ አስገባብን። መካሪ ደግሞ መች ይጠፋል? የግቢው ጥበቃ ልጆቹ ቁርስ ስለማይበሉ ነው ይላል። ዲኑ የሥነ ሥርዓት ጉድለት ነው ይላሉ። እኔ ግን ጥፋተኛውን ከነስሙ አውቀዋለሁ፤ ሰይድ ነው።

ሰይድ ይመር የቡድናችን ረጅሙ ተጫዋች ነው። አባቱ ደጎሎ አጠገብ ገብስ ያርሳሉ። ጨዋነቱን ልነግርህ አልችልም፤ መንገድ ላይ ሲያገኝህ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ሳይጨብጥህ አያልፍም። ሜዳ ላይ ግን ጉድ ነው። ቀለበቱ ሥር ይቆማል፣ ተጋጣሚ ኳስ ይዞ ይመጣበታል፣ ልክ በዚያች ሰዓት የሰይድ ዓይን ሌላ ቦታ ነው። ሰውየው በጎኑ ሲያልፍ አያየውም። ደሜ ይፈላል። ስንት ጊዜ ስሙን እየጠራሁ እንደጮህኩበት እኔና ጉሮሮዬ ነን የምናውቀው።

በዚህ መሀል ደጎሎዎች ለግጥሚያ ጠሩን፣ ያውም በገበያ ቀን። የኮሌጁ ሚኒባስ የምትይዘው ሰው የታወቀ ስለሆነ አንድ ተጫዋች መቅረት ነበረበት። በልቤ ሰይድን አስቀረሁት። ችግሩ፣ ሰይድ ለአባቱ ደውሎ ነግሯቸዋል። እሳቸው ልጃቸው ሲጫወት አንድ ቀን አይተው አያውቁም፤ «ኢንሻአላህ ገበያዬን ትቼ መጥቼ አይሃለሁ» ብለውታል። እንግዲህ አባት ሜዳ ዳር ቆሞ ልጁን ሲፈልግ፣ ልጁ መካነ ሰላም ተቀምጦ፣ አስበው። እኔም ሰው ነኝ፤ ጨነቀኝ። ስለዚህ እኔ ከምፈርድ ቁጥር ይፍረድ አልኩ።

ቁጥሩን እንድትይዝ ዘይነትን መረጥኩ። ስታቲስቲክስ የማስተምራት ተማሪ ናት። ስትናገር ድምፅዋ አይሰማም፣ ስትቆጥር ግን ምሕረት የላትም። የገባብንን ነጥብ ብቻ ደምሮ ማልቀስ ዋጋ እንደሌለው አስረዳኋት። አንድ ገበሬ ሃያ ጆንያ ገብስ አገባ ቢሉህ ጎበዝ ነው ትላለህ? በስንት ጥማድ መሬት ብለህ ትጠይቃለህ እንጂ። ይህም እንደዚያው ነው። ተጋጣሚ ስንት ጊዜ ኳስ ይዞ መጣ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱን አስገባ፣ ያን ጊዜ ከእኛ ሜዳ ላይ እነማን ነበሩ፣ ይኸው ነው። ስሙ ኢፊሸንሲ ይባላል አልኳት። እጄን ኪሴ ከትቼ ነው ያልኳት፣ ቃሉ እንዲያምር።

ሦስት ግጥሚያ ቆጠረች። ሦስተኛው ባለቀ ማግስት ደብተሯን አቅፋ ቢሮዬ መጣች። ሰይድ ከሜዳ ሲወጣ መከላከላችን ጭራሽ ይብሳል አለችኝ። ድጋሚ ቁጠሪ አልኳት። ቆጥራ መጣች፤ ያው ነው። ታዲያ ጥፋተኛው ማነው ስላት መሬት መሬት ማየት ጀመረች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንድ ዓምድ ጨምሬ ነበር» አለች።

ዓምዱን አየሁት። ከላዩ «ቲቸር ሲጮሁ» ይላል። እኔ ዝም ብዬ በተቀመጥኩበት ጊዜ፣ ተጋጣሚ አሥር ጊዜ ቢመጣ ሦስት ጊዜ እንኳ አያስገባም። ተነሥቼ የአንዱን ስም ስጠራ ሰባቱ ይገባል። ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ራሴ ደመርኩት፣ አካፈልኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ተከራከርኩ እንጂ መች ዝም አልኩ። የምጮኸው ኳስ ሊገባ ሲል ነው፣ ጩኸቱ አይደለም ያስገባው አልኳት። ክፍል ውስጥ ያስተማርኳትን መልሳ ሰጠችኝ፤ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ አለች።

ልምምድ ላይ ይዛኝ ሄደች። ሰይድ ቀለበቱ ሥር ሆኖ አንዱን እየተከላከለ ነው። ይጥሩት አለችኝ፤ ጠራሁት። ወዳጄ፣ ልጁ ሙሉ ሰውነቱን ወደኔ አዞረ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እጁን አወረደ። «አቤት ቲቸር» አለ። ሰውየው በጎኑ አልፎ አስገባ። ደሳለኝን ጠራሁ፤ እሱም ዞሮ አቤት አለ። አምስቱንም በየተራ ጠራኋቸው፤ አንድም ጀርባውን ሰጥቶ የመለሰልኝ የለም። እንዴት ይስጥ? ታላቅ ሲጠራው ጀርባውን ሰጥቶ የሚመልስ፣ አሳዳጊ የበደለው ይባላል። ለካ ሰይድ ሌላ ቦታ ያያል ስል የከረምኩት እኔን እያየ ኖሯል። ከሁሉም አብዝቼ የምጠራው እሱን ነበር። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው፤ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

አሁን አንተ ብትሆን ዝም ትል ነበር፤ አይደል? እኔም ሞከርኩ። አንድ ልምምድ አፌን ይዤ ዋልኩ፤ ልፈነዳ ምንም አልቀረኝም። ስለዚህ ራሴን ከማረም ልጆቹን ማረም ቀለለኝ። ሳምንቱን ሙሉ እኔ ስማቸውን እጠራለሁ፣ እነሱ አለመዞርን፣ አለመመለስን ይለማመዳሉ። የመጀመሪያው ቀን ሰይድ በላብ ተጠመቀ፤ አፉን ቢዘጋው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሐራም አይሆንም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሐራሙስ የሚያፈስ መከላከል ነው አልኩት። ሐሙስ ሲሆን አምስቱም ድንጋይ ሆኑ። ዓርብ ክፍል ገብቼ ስም ስጠራ ግን፣ ሰይድ ይመር፣ ዝም። ደሳለኝ፣ ዝም። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ቀሪ ብዬ ጻፍኳቸው።

ሰይድን ይዘን፣ አንድ ተቀያሪ አስቀርተን ደጎሎ ደረስን። ሜዳው ከገበያው ጎን ነው፤ የገብስ ጆንያ የጫኑ መኪኖች ጥሩንባ ይነፋሉ፣ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። የሰይድ አባት ጋሽ ይመር ቆባቸውን አድርገው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ከእኛ ቀለበት ኋላ ቆመዋል። እኔ ድምፄ እስኪሰነጠቅ ስም ጠራሁ፤ ዞሮ ያየኝ የለም። መከላከል ብሎ ዝም ነው። ሊያልቅ ሲል በአንድ ነጥብ እየመራን፣ የእነሱ ፈጣኑ ልጅ ኳስ ይዞ በሰይድ ላይ መጣ።

ያኔ ከኋላ «ሰይድ» የሚል ድምፅ ተሰማ። የእኔ አይደለም። የጋሽ ይመር ነው። ደገሙት። ሦስተኛውን ሲጠሩ ሕዝቡ ዞሮ አያቸው። ሰይድ አልዞረም። ሁለት እጁን ሰቅሎ ተነሣና ኳሷን በመዳፉ መታት፤ ሽንኩርት ሻጮቹ መሀል ገባች። አለቀ፤ አሸነፍን። ዘይነት ደብተሯን አቅፋ አለቀሰች።

ምስጋና ልቀበል ወደ ጋሽ ይመር ስሄድ ሰይድ ጉልበታቸውን ስሞ ቆሟል። እሳቸው ግን አይስቁም። ሦስት ጊዜ ጠራሁህ ይሉታል፤ የጫማህ ክር ተፈቷል ልልህ ነበር።

«ገበያው ሁሉ ሰምቷል» አሉት። «አሳዳጊ የበደለው ሊሉህ ነው። አሳዳጊህ ደግሞ እኔ ነኝ።»

ሰይድ አንገቱን ደፋ፤ ቲቸር ናቸው ያስተማሩኝ አላለም። ባለጌ አሳድጎ የማያውቅን ሰው በገበያው ፊት ያዋረድኩት እኔ ነኝ፣ እየሸፈነልኝ ያለው ግን ልጁ ነው። ይህን ስረዳ ምን ያደረግሁ ይመስልሃል? ቀስ ብዬ ፊቴን አዙሬ ወደ ሚኒባሷ መራመድ ጀመርኩ።

«መምህር» አሉ ጋሽ ይመር ከኋላዬ።

ሙሉ ሰውነቴ ዞረ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ እጄን አወረድኩ፣ አቤት አልኩ።

«አየህ ሰይድ?» አሉ። «እሳቸው አልረሱትም።»

ዘይነት ደብተሯን ስትገልጥ አየኋት። እባክሽ ልጄ አልኳት፤ ይቺን አትቁጠሪያት።