ሆን ብሎ የወደቀው ወንድሜ

በዓለም ላይ የማይሳሳት ሰው የለም የሚሉ ሰዎች ታላቅ ወንድሜን አያውቁትም። ወይም የራሳቸውን አጎት፣ የራሳቸውን አለቃ፣ ፎቅ ላይ የሚኖረውን ጎረቤታቸውን ረስተውታል። በየዘመዱ መሀል ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ለእኛ ቤት የደረሰው ግን ዋናው ነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። የሰፈሩ ሰው ከጀርባው ጋሽ አይሳሳቴ ይለዋል። ሥራው ቀለም ቅብ ነው።

ክቡር ጋሽ አይሳሳቴ ለማንኛውም ጥፋት አንድ መልስ አላቸው፤ "ሆን ብዬ ነው።" ሸሚዝ ገልብጠው ለብሰው ሲወጡ፣ "ሆን ብዬ ነው፤ ፊቱን ፀሐይ እንዳይበላው።" የደንበኛቸውን በር ትተው የጎረቤቱን በር ቀብተው ሲገኙ፣ "ሆን ብዬ ነው፤ የባሰበት የሱ ነው።" አንድ ጊዜ የታመመ የሥራ ባልደረባቸውን ሊጠይቁ ሄደው፣ ክፍል ተሳስተው፣ የማያውቁትን ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያጫውቱ ቆዩ። ብርቱካን ሁሉ ልጠው አብልተውታል። እኔ እትዬ የምላት ባለቤታቸው ይህን ስትሰማ ሳቋን መያዝ አቃታት። "ሆን ብዬ ነው" አሉ ኮስተር ብለው። "ሰውየው ጠያቂ አልነበረውም።"

ታዲያ አንድ ቀን ጋሼ ከመሰላል ላይ ወደቀ። ጭንቅላቱን ክፉኛ ተመታና ሦስት ቀን ራሱን ሳያውቅ ተኛ። በእነዚያ ሦስት ቀናት የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም። በአራተኛው ቀን ዓይኑን ሲገልጥ እትዬ እያለቀሰች "ምነው፣ እንዲህም ይወደቃል?" አለችው። ከንፈሩን አራሰና "ሆን ብዬ ነው" አለ። አንጎሉ እንዳለ ነው ብለን ተቃቅፈን አለቀስን።

ቁስሉ ሲድን ወሬው ሁሉ አንድ ሆነ፤ መሰላሌን ስጡኝ። መሰላሉ እኔ ቤት ኮሪደር ላይ በሰንሰለት ታስሯል። ሐኪሙ፣ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ሰው የዕለት ኑሮውን ብቻውን መምራት መቻሉን የምትመዝን ባለሙያ አለች፣ እሷ ሳትፈቅድ ወደ ሥራ መመለስ የለም ብሎናል። ጋሼ ደግሞ ካልሠራ አለቀለት፤ ቤት ተቀምጦ የግድግዳ ስንጥቅ ሲቆጥር ከስቶ ልብሱ ሰፍቶት ነበር።

ባለሙያዋ እርሳስ ጆሮዋ ላይ የምትሰካ፣ ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። መጀመሪያ ወንበር ላይ አስቀምጣ ቀኑን ጠየቀችው፣ ወሩን ጠየቀችው፤ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሰ እንዲቆጥር አደረገችው። አንድም ሳይስት ወረደ። እኔ ሰባ ዘጠኝ ላይ ጠፋሁ።

"በጣም ጥሩ ነው" አለች። "ግን ኑሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ መልስ መስጠት ብቻ አይደለም። ወደ ወጥ ቤቱ እንሂድ።"

ሆስፒታሉ ውስጥ እንደ ሰው ቤት የተሰናዳ ወጥ ቤት ነበራቸው፤ ምድጃ፣ መደርደሪያ፣ ስልክ ሳይቀር። ትእዛዙ ቀላል ነው፤ ለሦስት ሰው ሻይ ማፍላት፣ ሻዩ እስኪፈላ አንድ ሱቅ ደውሎ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ መጠየቅ፣ ሲጨርሱ ሁሉን አጥፍቶ መውጣት። እኔና እትዬ ጥግ ላይ እንድንቀመጥ ተፈቀደልን። መናገር፣ መጠቆም፣ ማሳል እንኳ ክልክል ነው።

ክቡርነታቸው ሻዩ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ጨው ጨመሩ። ሱቁ ጋ ደውለው የመዝጊያውን ሰዓት ሳያነሱ የሱቁን ጣሪያ ለመቀባት ተስማሙ። ምድጃውን እንደነደደ ትተው ኮታቸውን ደርበው ወጡ።

"ጨዉስ ጋሼ?" አለች ባለሙያዋ መልሳ ጠርታቸው።

"ሆን ብዬ ነው። ስኳር አታብዙ የምትሉት እናንተ አይደላችሁም?"

"ምድጃውስ?"

"ሆን ብዬ ነው። ክፍሉ ይቀዘቅዛል።"

ወደ እኛ ዞረች። ፎርሙ ላይ ከጉዳቱ በፊት እንዴት ነበሩ የሚል ቦታ አለ። "ከአደጋው በፊትም እንዲህ ነበሩ?"

እኔና እትዬ ተያየን። "የኔ ልጅ፣ እውነቱን ልንገርሽ?" አለች እትዬ። "እንዲያውም አሁን ተሽሎታል።"

እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ባለሙያዋ ረጋ ብላ አስረዳችን። "ማንም ይሳሳታል፤ እኔም ዛሬ ቁልፌን ቤት ረስቼ ነው የመጣሁት። ዋናው ነገር ሰውየው ስህተቱን ራሱ አይቶ ማረሙ ነው። ጥፋቱን የማያይ ሰው ግን መሰላል ላይ ይውጣ ብዬ አልፈርምም።" ሦስት ወር ሰጠችው። እስከዚያ መሰላል የለም፣ ብቻውን ምድጃ መለኮስ የለም። ለእኛም ሥራ ሰጠችን፤ ሲሳሳት አትንገሩት፣ "ምን የቀረ ነገር አለ?" ብላችሁ ብቻ ጠይቁት።

ጋሼ ጥያቄዋን ጠላው። በአንድ እግሩ ብቻ ጫማ አድርጎ ሊወጣ ሲል እትዬ "ምን የቀረ ነገር አለ?" ትለዋለች። "ያንቺ ምርቃት" ይላታል። ሰንበትበት ሲል ግን ምርቃቱን እየጠየቀም ቢሆን ጎንበስ ብሎ እግሩን ማየት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት እኔ ቤት እየመጣ መሰላሉን ደህና አደርክ ሳይለው አይመለስም።

ሦስት ወሩ ሞላና እዚያው ወጥ ቤት ተመለስን። ሻዩ በስኳር ፈላ፤ ሱቁ የሚዘጋበት ሰዓት ታወቀ። ጋሼ ኮቱን ደረበና ወጣ። በሩ ተዘጋ። ምድጃው እየነደደ ነው።

እትዬ ክንዴን በጥፍሯ ያዘችው። እኔ ሳሌን ዋጥኩት። ሥራውም መሰላሉም ሰውየውም እዚያ እሳት ላይ ተጥደዋል።

በሩ ተከፈተ። ተመልሶ ገብቶ ምድጃውን አጠፋ።

"ለምን ተመለሱ ጋሼ?"

መልሱን ሁላችንም እናውቀው ነበር። ልጅቷም ሳትጠብቀው መጻፍ ጀምራለች።

"ረስቼው ነው" አለ። "በሩ ጋ ስደርስ ምን የቀረ ነገር አለ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ተሳስቼ ነበር።"

የእትዬ ፊት አመድ መሰለ። "ኧረ ዶክተር ጥሩልኝ" አለች ተነስታ። "ባሰበት።"

እትዬን ማረጋጋት ከፈተናው የበለጠ ጊዜ ወሰደ፤ ወረቀቱ ግን ተፈረመ።

ሌላ ደንበኛ እስኪደፍር የመጀመሪያ ሥራው የእኔ ሳሎን ሆነ። አራቱም ግድግዳ ነጭ ይሁን ብዬ ነበር ያዘዝኩት። ከሥራ ስመለስ ሦስቱ ነጭ፣ አራተኛው ዓይን የሚወጋ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ። ጋሼ ብሩሹን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

"ይቺን አበላሸሁብህ" አለኝ። "ጣሳው ተምታቶብኝ ነው። ነገ መልሼ እቀባታለሁ።"

አርባ ዓመት ሙሉ ይህ ሰው ጥፋቱን ሲያምን ለማየት ስመኝ ኖሬያለሁ። እሱ በሰበረው መስኮት እኔ ተገርፌያለሁ። አሁን ፊቴ ቆሞ ሲያምን ግን አንጀቴን በላው።

"ምኑን ነው የምትቀባው?" አልኩት። "አንዷ አረንጓዴ ትሁን ብዬህ የለ እንዴ?"

"መቼ?"

"በስልክ።"

ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። ሲገልጠው ፊቱ ላይ የነበረው ኀዘኔታ ብቻ ነው። "አላልከኝም" አለና እጁን ቀስ አድርጎ ትከሻዬ ላይ ጣለው። "ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ መቼ ነው የወደቅከው?"

በማግስቱ ሊቀባት ብሩሹን ይዞ መጣ። ከበር መለስኩት። ግድግዳዋ እስካሁን አረንጓዴ ናት፣ ታስጠላለች፣ ማንም እንዲነካት አልፈቅድም።