ከእግር የሚወሰድ ደም

ደም ከየትም ቢወሰድ ያው ደም ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ግን እስቲ አስቡት፤ መርፌ የለመደው ክንድ ነው። እጅጌ ሰብሰብ፣ ፊት ዞር፣ ትንሽ ቁንጥጥ፣ አለቀ። እግር ምን በወጣው? የእሱ ሥራ መሄድ ነው፤ ቢበዛ መቆም። ሐኪም «ደምህን ከእግርህ ነው የምንወስደው» ቢላችሁ መጀመሪያ የምታስቡት ስለ ደማችሁ አይደለም፤ ስለ ካልሲያችሁ ነው። እኔም የአክስቴን ነገር እስካይ ድረስ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አልሰማሁም ነበር።

አክስቴ ሀዋ የአባቴ እህት ናት። እዚህ ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ ሄሉ የሚባል ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። በኦሮምኛ የአባት እህት አዳዳ ናትና እኔም አዳዳ እላታለሁ። የጡት ካንሰር ይዟት ናይሮቢ ኦፕራሲዮን ስትሆን የግራ ብብቷን ዕጢዎች አብረው አወጧቸው። ከዚያ ወዲህ በክንዷ ውስጥ ያለው ፈሳሽ መሄጃ አጥቶ ግራ ክንዷ አበጠ። ሐኪሞቹ አደራ ብለዋታል፤ በዚህ ክንድ መርፌ እንዳይገባ፣ ማሰሪያም እንዳይታሰርበት። አዳዳ መጀመሪያ ነገሩን ቀለል አድርጋው ነበር። አንድ ቀን ስትሰፋ መርፌ ጣቷን ጫር ቢያደርጋት ክንዱ ቀላ፣ ነደደ፣ በትኩሳት አልጋ ላይ ጣላት። አሁን ክንዷን እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው የምትሄደው። የቀኝ ክንዷ ደም ሥር ደግሞ በመድኃኒቱ ብዛት ደርቋል። የቀረው እግር ነው፤ ሐኪሟም ፈቅዷል።

በቅርቡ ለምርመራ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ደም የሚወስደው ነርስ ከመሀል ኬንያ የመጣ፣ ጨዋ ግን ችኩል ሰው ነው፤ ከስዋሂሊና ከእንግሊዝኛ ሌላ አያውቅም። አዳዳ በቤቷ ኦሮምኛ፣ በገበያዋ አማርኛ ትናገራለች፤ ስዋሂሊዋ ከዋጋ አያልፍም። አስተርጓሚው እኔ ነኝ፤ ለዚህስ ማን ብሎኝ! ቀኙ ደም እንደማይሰጥ፣ ግራው እንደማይነካ፣ ከእግር እንደሚወሰድ ነገርኩት። «ሳዋ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። ለአዳዳም ነገርኳት። ሁላችንም ተስማማን።

አዳዳ ካልሲዋን ማውለቅ ላይ ዘገየች። እግርን ወደ ሰው ፊት መዘርጋት ለእሷ ነውር ነው፤ ሰውየው ደግሞ ወንድ፣ ያውም ባዳ። ውጭ ወረፋው ረዝሟል። ነርሱ ጀርባውን ሰጥቶን ዕቃውን እያዘጋጀ «ሃራካ ማማ፣ ሃራካ!» ይላል። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የደም ሥር ሥዕል እያየሁ፣ ደም ከእግር እስከ ልብ ያን ሁሉ ዳገት እንዴት ይወጣዋል እያልኩ እደነቃለሁ። ዞር ስል ላስቲኩ በአዳዳ ግራ ክንድ ላይ ታስሯል። መርፌው ሊገባ ነው።

ያ ሁሉ ቋንቋ የት እንደገባ እንጃ፤ «ኧረ እግር! እግር!» ብዬ በአማርኛ ጮኽኩ። ነርሱ ቃሉ ባይገባውም ጩኸቱ ገባው፤ ላስቲኩን ፈታ።

«አዳዳ፣ ምን ነካሽ? ይሄን ክንድ እንዳትሰጪ አልተባልሽም?»

«እሱ ነዋ! ሃርካ፣ ሃርካ እያለ የጨቀጨቀኝ! ቀኙ አይሆንም ብለኸዋል፤ ታዲያ የቀረኝ ይሄ አይደል?»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሃራካ በስዋሂሊ ፍጠን፣ ፍጠኚ ማለት ነው። ሃርካ በኦሮምኛ እጅ ነው።

«አልፈራሽም?»

«እንዴት አልፈራም! ቢስሚላ ብዬ ሰጠሁት። ሐኪም አይደል? ከእሱ በልጬ ላውቅ ነው?»

ይቺ ሴት በገበያ ላይ ስንዝር ጨርቅ የማትለቅ፣ ደላላውን ሁሉ አፍ የምታስይዝ ናት። ነጭ ጋወን ሲያይ እንዲህ አንደበቱ የሚታሰር የእኛ ሰው ስንቱ ነው?

ነገሩን ለነርሱ ባስረዳው መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከችኮላው የተዘረጋለትን ክንድ በልማድ ማሰሩን አምኖ ይቅርታዋን ጠየቀ። ቀጥሎ ሳቁ አመለጠው። ለካ ሞያሌ ከመጣ ጀምሮ ሃራካ ባለ ቁጥር በሽተኛው ሁሉ ወዲያው እጁን ሲዘረጋለት፣ የዚህ አገር ሰው ምን ያለ ታዛዥ ነው እያለ ሲገረም ኖሯል!

ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እግሯን ያዘ። አዳዳ «ኧረ ተነስ፣ ነውር ነው!» እያለች በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች። ደሙ ቀስ እያለ መጣ። እኔም ጎንበስ ብዬ በደንብ አየሁት፤ ያው ደም ነው። ክንዷም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ላስቲኩ ካሳረፈበት ምልክት በቀር ምንም አልሆነም።

ስንወጣ ቱክቱክ ጠራሁ፤ እናንተ ባጃጅ የምትሏትን ነው። ሾፌሩ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ሃራካ ማማ፣ ሃራካ!» አለ። አዳዳ ግራ ክንዷን በሻርፗ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ወሸቀችው።

«አዳዳ፣ ፍጠኚ ነው የሚልሽ። አሁን አስረድቼሽ የለ?»

«ገብቶኛል» አለች፣ እግሯን አስቀድማ እየገባች። «ለማንኛውም ብዬ ነው።»