የተሻሻለው የቡና ማሽኔ

ደህና የሚሠራ ዕቃ ካልፈታ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? ቡታጅራ ብቅ ካሉ አንዱን አሳይዎታለሁ፤ ቤቱ የእኔ ቤት ነው።

የቡና ማሽኔ ጤነኛ ነበር። ሙቀቱንና ግፊቱን ራሴ ልቆጣጠር ብዬ ሆዱን ከፈትኩት፤ ቴርሞሜትር ሰካሁበት፣ የግፊት መለኪያም በቱቦ ቀጠልኩለት።

በዚያው ሰሞን የባለቤቴ አባት ከእንሴኖ ሊጠይቁን መጡ። ባለቤቴ ጀበና ስታነሳ «ተይው፣ ዛሬ የእኔን ይቅመሱ» አልኳት። እሳቸው ቁጭ ብለው፣ እኔ መለኪያ ሳይ፣ ብሎን ሳላላና ሳጠብቅ፣ የመኪናቸው ሰዓት ደረሰ። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

ሲነሱ ቱቦውንና ቴርሞሜትሩን አይተው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እግዜር ይማርልህ፣ ልጄ» አሉኝ።

ባለቤቴ ሸኘቻቸው። እኔማ በየትኛው ዓይኔ ልያቸው? እዚያው በሽተኛዬን ሳስታምም ቀረሁ።