ባርኔጣው ከላይ፣ ፋኖሱ ከታች

ዛሬ «ተረት ተረት» ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ። በዚህ ተረት ላምም የለች፣ በረትም የለም። ያለው ድብ ነው፤ ድብ፣ ባሕርና አንዲት ፍየል። እንግዲህ ጆሮ ያለው ጆሮውን ያውሰኝ፤ የሌለውም ይቀመጥ፣ ባዶ ቦታ ፊት ማውራት አልወድም።

ድሮ ድሮ፣ ምድር አልቆ ባሕር በሚጀምርበት በአንድ የድቦች አገር፣ ገደል አፋፍ ላይ አንድ ረጅም የድንጋይ ማማ ነበረ። ከማማው ጫፍ ላይ ትልቅ ፋኖስ ይበራል። የፋኖሱ ጠባቂ እመት ዘርፌ የምትባል ፍየል ነበረች። ጠዋት መስተዋቱን ትወለውላለች፤ ከሰዓት የፋኖሱን ክር ትከረክማለች፤ ማምሻውን የዓሣ ዘይት በእንስራ ተሸክማ ያንን ሁሉ ደረጃ ትወጣለች። ከድቦች በቀር ጎረቤት አልነበራትም። እነሱም በማማው ሥር ሲያልፉ ሽቅብ አይተው ከንፈራቸውን ይልሳሉ። እሷም በመስኮት ብቅ ብላ፣ «እንደምን ዋላችሁ ጌቶቼ!» ትላለች። ምን ታድርግ? ሊበላህ ከሚችል ጋር ሰላምታ አይቋረጥም።

ታዲያ በድብ አገር ፍየል ሆና እንዴት ከረመች? በማር ነዋ! ድብ ብርድ ሲገባ ይተኛል፤ ማር ሳይጠግብ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደውም። ማሩን በየዓመቱ ከባሕር ማዶ በጀልባ የሚያመጣው የዘርፌ ባል አያ ሸጋው ነበር። ከወደቡ ፊት ለፊት ግን «መንጋጋ» የሚሉት ቋጥኝ ውሃ ውስጥ አድፍጧል። መብራቱ ከታየ ሸጋው ቋጥኙን ዞሮ ይገባል፤ ካልታየ ጀልባውም፣ ማሩም፣ ሸጋውም ደህና ሰንብቱ! ማር ያጣ ድብ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚበላ ደግሞ ዘርፌ አሳምራ ታውቃለች።

ድቦቹ አንድ ጥብቅ ባህል ነበራቸው፤ ከታላቅ በላይ አይቀመጥም። ሠርግ ሲጠራ ለታናናሾቹ መቀመጫ ጉድጓድ ይቆፈራል። በልቅሶማ አይጣል ነው! ያገሩ ትንንሽ ድብ ሁሉ ጉድጓድ ገብቶ ጆሮው ብቻ ስለሚታይ፣ የሟቹ ጉድጓድ የትኛው እንደሆነ ይጠፋል። የሁሉ ታላቅ ደግሞ ባርኔጣ የደፋው ነው። ባርኔጣው ባሕር ተፍቶት የተገኘ ነው። የደፋው ይሾማል፤ ያወለቀው ይሻራል።

በዚያ ዓመት ባርኔጣውን አባ ድንፋ የሚባል ድብ ደፋው። ሆዱ ከሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ፣ ሲስቅ ቅጠል የሚያረግፍ ድብ ነው። በተሾመ ማግስት፣ ማምሻውን ደጁ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ሲያክ፣ ሽቅብ ቀና አለና ክው ብሎ ቀረ።

«ያ ከራሴ በላይ የተቀመጠው ማን ነው?»

«መብራት ነው ጌታዬ» አለ አጋፋሪው ቀበሮ።

«መብራት? የማን ልጅ ነው?»

ቀበሮው አላውቅም ማለት አይወድም። «አባቱ እሳት ነው ጌታዬ፤ ደህና ሰው ነው። እናቱ ግን ዘይት ናት፤ ከዓሣ ወገን።»

«ወይ ጉድ! የዓሣ የልጅ ልጅ በላዬ ይቀመጥ?» ብሎ አባ ድንፋ ጉባኤ ጠራ።

በማግስቱ ድቦቹ ማማው ሥር ተሰበሰቡ። አባ ሽበት የተባለው ሽማግሌ ድብ ተነሥቶ፣ «መብራቱን ማውረድ ምን አደከመን? ጌታችን ራሳቸው ይውጡ!» አለ። ተጨበጨበ። አባ ድንፋም ደረጃውን ተያያዘው። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ሆዱ ከግራና ከቀኝ ግድግዳው ጋር ተማከረና አልሄድም አለ። ዘርፌ ከላይ በቀንዷ ቁልቁል ትገፋለች፤ ድቦቹ ከታች እግሩን ይጎትታሉ፤ እሱ «ቀስ! ቀስ! ሹም ነኝ!» ይላል። ኧረ ምኑን ልንገራችሁ! በመጨረሻ የሳምንት ዘይት ተደፋበትና፣ ተንሸራቶ አባ ሽበትን ከነምክሩ ጠርጎት ወረደ።

«እንግዲያስ እሱ ይውረድ!» አለ አባ ድንፋ ዘይቱን እያራገፈ።

ዘርፌ ደረጃውን እየዘለለች መጣች። «ጌታዬ፣ ይስሙኝ…»

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ!» አላት ቀበሮው። «ማን ተናገሪ አለሽ?»

«ጌታዬ፣ ፋኖሱ ከፍ ያለው እርስዎን ንቆ አይደለም። ባሕሩ ሩቅ ስለሆነ ነው!»

«ታዲያ ባሕሩ ይቅረብ!» አለ አባ ድንፋ።

ይኼኔ ጭብጨባው ገደሉን አናጋው። አንዱ ድብማ፣ «እንዲህ ያለ አእምሮ! እንዲህ ያለ አእምሮ!» እያለ አለቀሰ። ባሕሩ ግን ባህል አያውቅምና አልቀረበም። ስለዚህ ከአባ ድንፋ ደጅ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ፋኖሱም ወርዶ እዚያ ገባ። ብርሃኑ ከሥር ሽቅብ ሆዱ ላይ ሲያርፍ ድቦቹ ትከሻቸውን እየሰበቁ ጨፈሩ፦

«መብራት ወረደ ወረደልን፣
የጌታችን ሆድ ታየልን!»

ዘርፌ ብቻ አልጨፈረችም። ባዶው ማማ ላይ ወጥታ ባሕር ባሕሩን ታያለች። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ጉሙም መውረድ ሲጀምር፣ ከሩቅ አንድ ነጭ ሸራ ብቅ አለ። የሸጋው ሸራ ነው! ራሷ ናት የሰፋችው፤ ስፌቱን ታውቀዋለች። ልቧ ከእግሯ ቀድሞ ደረጃውን ወረደ።

«ጌታዬ! ባሌ መጣ!»

«ማሩስ?»

«ማሩም! ግን ፋኖሱ ካልወጣ መንጋጋ ይበላቸዋል። ስለ እግዜር፣ ባሌን አያስገድሉብኝ!»

አባ ድንፋን ጭንቅ ያዘው። «ማር አጥቼ ልክሳ፣ ወይስ የዓሣ ዘር ይቀመጥብኝ?» እያለ ተንቆራጠጠ። ቀበሮው፣ «የዛሬ አዋጅ በዛሬ አይሻርም» አለ። ከኋላ የቆሙት ድቦች ከወዲሁ ዘርፌን በዓይናቸው ይመዝኗት ጀመር፤ አንዱም ጨው ያለው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

የዘርፌ ዓይን ሲዋልል ባርኔጣው ላይ አረፈ።

«ጌታዬ፣ ሹምን ሹም የሚያሰኘው ምኑ ነው? ሆዱ ነው ወይስ ባርኔጣው?»

«ባርኔጣው ነዋ! ሆድማ ሁሉም አለው።»

«እንግዲያው ባርኔጣው ማማው ጣሪያ ላይ ይቀመጥ። ፋኖሱ ከባርኔጣው በታች ይሆናል። ባህሉ ተጠበቀ፣ ማሩ ገባ፣ እርስዎም ደረጃ አልወጡ!»

ማር የሚለው ቃል ብቻ ነው የተሰማው። አባ ድንፋ ባርኔጣውን ከራሱ መንጭቆ ለቀበሮው ሰጠ። ያወለቀ ይሻራል የሚለው ነገር ያን ጊዜ ለማንም ትዝ አላለውም።

ሌላ ጣጣ ደግሞ መጣ፤ ከባርኔጣ ፊት መቅደም ነውር ነው። ቀበሮው ባርኔጣውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ እየተጀነነ ደረጃውን ይወጣል። ዘርፌ ትኩሱን ፋኖስ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከኋላው ትከተላለች። በየመታጠፊያው ቆም ይልና፣ «ክቡር ሆይ! ዝናብ የማያሾልክ! ነፋስ ያልደፈረው!» እያለ ያወድሳል። በመስኮቱ በኩል የሸጋው ድምፅ ከጉሙ ውስጥ መጣ።

«ዘርፌ! ኧረ ዘርፌ! መብራቱ የት ገባ?»

ዘርፌ ከዚህ በላይ አልቻለችም። ቀንዷን ዝቅ አድርጋ አጋፋሪውን ከኋላው ወጋችው። «ክቡር ሆ… ዋይ! ዋይ!» እያለ የቀረውን ደረጃ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ባርኔጣው ጣሪያው ላይ ወጣ፤ ፋኖሱም ከሥሩ ተሰቀለ። ብርሃኑ ጉሙን ሰንጥቆ ሲሄድ ጀልባው መንጋጋ አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሸጋው መሪውን ባለ በሌለ ኃይሉ ጠመዘዘ፤ ጀልባው ጎኑን ከቋጥኙ አከክ አድርጎ አለፈ። ዘርፌ መስኮቱ ላይ ተደፍታ እየሳቀች አለቀሰች።

ማሩ ተራገፈ፤ ተበላ፤ ጢም ለጢም ተጣበቁ። አባ ድንፋ ጠግቦ ሲያዛጋ፣ መቀመጫው ገና የሚያቃጥለው ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ባህሉን ላስታውስ» አለ። «ባርኔጣ ያወለቀ ተሻረ ማለት ነው። ባርኔጣው ያለው ደግሞ ማማው ላይ ነው።»

ድቦቹ አሰቡበት፤ ማሰብ ስለማይወዱም ቶሎ ጨረሱ። ባርኔጣው ብቻውን ተሾመ። ጀልባውን በጥበቡ መርቶ ያስገባው እሱ ነው ተባለ፤ የመጀመሪያው እንስራ ማርም ከማማው ሥር ቀረበለት። ለአባ ድንፋ እንደ ማንም ጉድጓድ ተቆፈረለት፤ ለሆዱ ሲባል ሰፋ ተደረገ። ዘርፌም ባርኔጣውን በየጠዋቱ አቧራ እንድታራግፍ ታዘዘች። ከዚያ ሁሉም ተኙ።

አያ ሸጋው ይህን ሲሰማ በንዴት ጢሙ ቆመ። «እኔ አላምንም! ክሩን የምትከረክሚ አንቺ፣ ዘይቱን የምትሸከሚ አንቺ፣ ሹመቱ ለባርኔጣ? ምነው ዝም አልሽ ዘርፌ?»

ዘርፌ መስተዋቱን መወልወል ሳታቆም ሳቀች።

«ተወው አንተ ሸጋው፤ ይሾም። ስንቱን ሹም አየሁ፤ ጀልባ ላስምጥ ብሎ ያላወጀ እሱ ብቻ ነው።»

«እንዴት ሊሆን ቻለ?»

«ውስጡ ጭንቅላት የለበትማ!»