ከመስመር ያለፈው ባቄላ

[ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ፣ አንዳርጌ ቤት። መደቡ ላይ አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ፕሬዠር ድስት ተቀምጧል። አንዳርጌ ስልኩን ይዞ ከድስቱ ፊት ይንጎራደዳል። ጎረቤቱ ክንዱ እጁን ወደ ክዳኑ ይሰዳል።]

አንዳርጌ፦ እጅህን ሰብስብ!

ክንዱ፦ አንዲት ፍሬ ባቄላ አውጥቼ በጣቴ ጫን ላርጋት ብዬ እኮ ነው።

አንዳርጌ፦ ይሄ የእናትህ የሸክላ ቶፋ መሰለህ? ፕሬዠር ነው! እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳኑን የነካ ሰው ጣራ በስቶ ነው የሚሄደው። በስልኬ ቪዲዮ አይቻለሁ።

ክንዱ፦ ሰውየው ነው ወይስ ክዳኑ?

አንዳርጌ፦ ተያይዘው!

ክንዱ፦ [እጁን ሰብስቦ] ምሳ ደረሰ ብዬ ነው። ጠዋት ስመጣ ልነግርህ የነበረውም...

አንዳርጌ፦ አውቀዋለሁ! «በእንጨት ጣደው» ልትለኝ ነው። ሚስቴ አማረችም ብላኛለች። አሥራ ሁለት የደቦ ሰው ገብሴን እያጨደልኝ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ንፍሮ ይዤ ካልደረስሁ ማጭዱን ጥሎ ወደየቤቱ ነው። ጉና በኩል ደግሞ ደመናው ጠቁሯል። በረዶ ከጣለበት ዓመቱን ሙሉ የምበላው የለኝም። እንዲህ ባለ ቀን በእንጨት እቀልዳለሁ?

ክንዱ፦ አንተስ ለምን አታጭድም?

አንዳርጌ፦ ማሽን ብቻውን ይተዋል? ባለሙያ ያስፈልገዋል!

ክንዱ፦ ምን ትሠራለታለህ?

አንዳርጌ፦ አየዋለሁ።

ክንዱ፦ [ጆሮውን ወደ ድስቱ አስጠግቶ] ጭጭ ብሏል እኮ።

አንዳርጌ፦ ጥራቱ እሱ ነው! ሲንተከተክ የሚውለው ሸክላ ነው። ይሄ ሥራውን አያወራም።

ክንዱ፦ እንፋሎትም የለው።

አንዳርጌ፦ አምቆት ነዋ!

ክንዱ፦ [ጎኑን በመዳፉ ዳስሶ] ቅዝቅዝ ብሏል።

አንዳርጌ፦ ሙቀቱን ለውጭ ምን ብሎ ያባክነዋል? ሁሉንም ወደ ውስጥ አስገብቶታል። አሁን ውስጡን ብታየው እሳት ነው!

ክንዱ፦ ግንባሩ ላይ ያለችው ትንሿ መብራትስ? ትናንት ስታሳየኝ ቀይ ነበረች።

አንዳርጌ፦ ትናንት መስኮቱ ተዘግቶ ነበራ! በጠራራ ፀሐይ መብራት ታበራለህ አንተ?

ክንዱ፦ [ከልቡ ተደንቆ] አይ ብልህ!

አንዳርጌ፦ ሁለት ሙክት ሸጬ የገዛሁት ለምን መሰለህ? አማረች ግን «ካልበሰለ ድስትህን ለዶሮዬ መፈልፈያ አደርገዋለሁ» ብላኝ ነው የወጣችው። ዛሬ ታፍራለች!

ክንዱ፦ እኔማ ጠዋት ወፍጮ ቤት ስደርስ...

አንዳርጌ፦ አሁን የወፍጮ ወሬ ነው? ተወኝ እስቲ!

ክንዱ፦ ተው ካልህ ተውሁት። በል አህያዬን አይቻት ልምጣ።

አንዳርጌ፦ ከጠዋት ጀምሮ አምስተኛህ! አህያ እንዲህ ይጠየቃል? ድስቱ ላይ ከተሠመረው መስመር አልፏል ብዬ የቀነስሁልህን ያን ሁሉ ባቄላ አልሰጠሃትም?

ክንዱ፦ ልሰጣት ነው። ትንሽ ነው የቀረው።

[ክንዱ ይወጣል። እጁ አመድ ነክቶት ይመለሳል። ከማሳው በኩል የሴት ጥሪ ይሰማል።]

ክንዱ፦ አማረች እየተጣራች ነው። ክፈተው።

አንዳርጌ፦ [ስልኩን አይቶ] ስድስት ሰዓት! ... አንተ ክፈተው። እኔ ልጆች አሉኝ።

ክንዱ፦ እኔስ?

አንዳርጌ፦ ያንተ አድገዋል!

[ክንዱ ክዳኑን ያዞራል። አንዳርጌ «በስመ አብ!» ብሎ ከጎታው ጀርባ ይወድቃል። ክዳኑ ኮሽ ሳይል ይነሳል።]

አንዳርጌ፦ [ከጎታው ጀርባ] ክንዱ! አለህ?

ክንዱ፦ አለሁ።

አንዳርጌ፦ ጣራውስ?

ክንዱ፦ አለ።

አንዳርጌ፦ ባቄላውስ?

ክንዱ፦ [አንድ ፍሬ ነክሶ፣ ጉንጩን ይዞ] እሱም እንዳለ አለ። ጥርሴን እንጃ።

አንዳርጌ፦ [ወጥቶ እጁን ውሃው ውስጥ ከትቶ] የምንጭ ውሃ! ሦስት ሰዓት ሙሉ! ምን ነካው?

ክንዱ፦ መብራት የለማ።

አንዳርጌ፦ መቼ ሄደ?

ክንዱ፦ ጠዋት። ወፍጮው ቆሞብኝ አይደል መብራት እስኪመጣ አንተ ቤት ልጠብቅ ብዬ የመጣሁት?

አንዳርጌ፦ ታዲያ ለምን አትነግረኝም?!

ክንዱ፦ ሁለት ጊዜ ጀመርሁ፤ ሁለቴም አቋረጥኸኝ። ኋላማ ስታስረዳኝ ያለ መብራት የሚያበስል መሰለኝ።

አንዳርጌ፦ [ራሱን ይዞ] አለቀልኝ! ገብሴ! በረዶው! አማረች! ያች ዶሮ!

ክንዱ፦ ማድቤት ቶፋ ሙሉ ንፍሮ አለ።

አንዳርጌ፦ የማን?

ክንዱ፦ የአህያዬ። ጥሬ ባቄላ ሆዷን ይነፋታል። አማረች ዳቦ የጋገረችበት እሳት አልጠፋ፣ የሰጠኸኝን ጣድሁላት። እየወጣሁ የማየው እሱን ነው።

[አንዳርጌ ሮጦ ይወጣል። ንፍሮውን በሰፌድ ይዞ፣ አፉን ሞልቶ ይመለሳል።]

አንዳርጌ፦ ቅቤ ሆኗል! ክንዱ፣ ወንድሜ፣ ነፍሴን አተረፍኻት! ጨው ብቻ ነው የጎደለው።

ክንዱ፦ ለአህያ ማን ጨው ይጨምራል?

አንዳርጌ፦ ለአማረች ግን በማሽኑ በሰለ እንላታለን። እሺ በለኝ!

ክንዱ፦ እሺ።

[ድስቱ «ጢጥ!» ይላል። ቀይ መብራቱ ቦግ ይላል። ከመንገዱ ማዶ ወፍጮው ማጓራት ይጀምራል።]

አንዳርጌ፦ [ደረቱን ነፍቶ] አላልሁህም? ይኸው ሠራ!

ክንዱ፦ [ክዳኑን መልሶ እየገጠመ] ሠራ። በል አንተ ንፍሮውን ይዘህ ሩጥ፣ እኔም እህሌን ላስፈጭ። ማሽኑን ግን እንዳታጠፋው።

አንዳርጌ፦ ለምን?

ክንዱ፦ አህያዋ ምሳዋን አልበላችም።