ሰቆጣ ከአርባ ምንጭ ቼዝ የገጠመች ዕለት

የሰቆጣ ሰው ቼዝ የሚጫወተው በእጁ ሳይሆን በአፉ ነው። ካላመናችሁኝ ጋሽ ብርሃኑን ጠይቋቸው... ጊዜ ካላችሁ ብቻ! አጭር መልስ አያውቁም።

ጋሽ ብርሃኑ ከደሃና መጥተው ዕድሜ ልካቸውን ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። በቼዝ ክለባችን ደግ ዘመን ሰው የሚሰበሰበው ጨዋታቸውን ሊያይ ሳይሆን ሊሰማ ነበር። ፈረስህን ሲበሉ፣ ይሄ ፈረስ ገብስ ቀምሶ አያውቅም እንዴ ይሉሃል። ወታደርህን ብቻውን ከገፋኸው፣ ጽጽቃ ቆላ ድረስ ስትሰደው ስንቅ ቋጥረህለታል ወይ ብለው ይጠይቁሃል። አንተ ስትስቅ ንግሥትህ የለችም።

ከዚያ ክለቡ ሞተ። አንዱ በሥራ ተዛወረ፣ አንዱ አገባ፣ አንዱ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ተሸንፎ አኮረፈ። ክፍሉን ያዋሰን የወጣት ማዕከሉ ኃላፊም ሰው ካልመጣበት ከረንቡላ ሊያስገባበት መሆኑን፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ እንደሚታገሠን ነገረኝ። ለእኔ መንገሩ የክለቡ መሪ ስለሆንኩ ነው። መሪ የሆንኩት ደግሞ በችሎታ እንዳይመስላችሁ፤ በምርጫው ቀን ስለቀረሁ ነው።

ሲጨንቀኝ፣ ሰው ይመልስልናል ብዬ በኢንተርኔት የአርባ ምንጭ ቼዝ ተጫዋቾችን አፈላልጌ አገኘሁ። እሑድ ከሰዓት፣ አራት ለአራት፣ እነሱ እዚያ እኛ እዚህ ሆነን ልንገጥም ተስማማን። ከእኛ በኩል የመድኃኒት ቤቷ ገነት፣ ጨርቅ ነጋዴው ሰይድ፣ ጋሽ ብርሃኑና እኔ። ሦስታችን በየስልካችን፣ ጋሽ ብርሃኑ በእኔ ላፕቶፕ። ላፕቶፑ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከሰይድ ስልክ ነው።

ጋሽ ብርሃኑ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለላፕቶፑ እጅ ነሱ። መልስ የለም። አንድ ወታደር ገፉ፣ ጠበቁ። ዝም። እንደ ልማዳቸው አንድ ሁለት ነገር ጣል አደረጉ። የሳቀ የለም። ወዲያው አንድ ወታደር፣ ቀጥሎ አንድ ፈረስ ተበሉ። ፊታቸው ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው መሰለ።

"ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ አይናገርም" አሉኝ።

"ጋሼ፣ አርባ ምንጭ እኮ ነው ያሉት።"

"አርባ ምንጭ ሰው አይናገርም?"

ምን ልበላቸው? እኔ ያን ጊዜ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ንግሥት በልቼ ላሸንፍ ደርሻለሁ። ግን የሽማግሌ ፊት እንደዚያ ጠቁሮ አይታለፍም። ለአርባ ምንጮቹ መሪ ጻፍኩለት። ተጋጣሚያቸው መምህር ጣሰው የሚባሉ ጡረተኛ መሆናቸውንና እሳቸውም ዝምታው ገድሏቸው እንደተቀመጡ ነግሮኝ ቁጥራቸውን ላከልኝ። በገዛ ስልኬ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ጋሽ ብርሃኑ ፊት አስቀመጥኩት።

አንባቢዬ፣ አንተ ቀድመህ ነቅተሃል። እኔ ግን የማስተምረው ጂኦግራፊ እንጂ የስልክ ነገር አይደለም።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ልጆቻቸው ተጠያየቁ። ጋሽ ብርሃኑ የማመልከቻ ጸሐፊነታቸውን ሲያነሱ መምህር ጣሰው የተሳካ ማመልከቻ እንዳለ ጠየቋቸው፤ እሳቸውም ብዙም እንዳልተሳካ፣ ጽሕፈቱ ግን ያማረ እንደነበር መለሱ። ከዚያ ነፍስ ዘሩ። "መምህር፣ ፈረስዎ ሐይቅ ዳር ወርዶ ምን ይሠራል? አዞ ይበላዋል እኮ!" አሉና በሉት። ከወዲያ ማዶ ሳቅ ብቻ ተሰማ።

እኔም አብሬ ስቄ፣ ስልኩን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ለካ ጥሪው ሲገባ ኢንተርኔቱ ወጥቶ ኖሯል። "ግንኙነትዎ ተቋርጧል፣ ሰዓትዎ አልቋል፣ ተሸንፈዋል" ይላል። በአክብሮት ነው ያሰናበተኝ።

ገነት አሸነፈች፣ ሰይድ ተረታ፣ እኔ... እኔን ተዉኝ። ጋሽ ብርሃኑ ቢያሸንፉ ሁለት ለሁለት እንወጣለን። ደግሞም ጨዋታው እጃቸው ገብቷል። ገነት በደስታ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እሳቸው ግን ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው፣ አቻ እንውጣ ብለው መምህሩን ጠየቋቸው። መምህሩ እሺ ሲሉ እኔ ተቀመጥኩ። ምነው ጋሼ ብላቸው ቅር አላቸው።

"የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ጠይቄ ስጨርስ እንዴት አድርጌ ልርታው?"

በቃ፣ አንድ ተኩል ለሁለት ተኩል ተሸነፍን፤ ክለቡም ክፍሉም ቀረ ብዬ ሳምንቱን አዝኜ ከረምኩ። በሳምንቱ እሑድ ቁልፉን ለማስረከብ ብሄድ ክፍሉ ክፍት ነው፤ በሩ ግን ከአግዳሚ ወንበር ብዛት አላስገባ አለኝ። ሰይድ የሁለቱን ሽማግሌዎች ጨዋታ ለገበያው ሁሉ አውርቶ ኖሯል። አርባ ምንጮች ራሳቸው ደውለው፣ ጋሽ ብርሃኑና መምህር ጣሰው በየፊታቸው ሰሌዳ ዘርግተው በስልክ ጀምረዋል። ኋላ ያሉት አረጋውያን የጋሽ ብርሃኑን አባባል በአገውኛ እየተቀባበሉ ይስቃሉ። ሌላ ሁለት ሦስት ሰሌዳም ወንበር ላይ ተዘርግቷል፤ ያኮረፈው ሰውዬ ሳይቀር መጥቷል። የማዕከሉ ኃላፊ ክፍሉን ለከረንቡላ ሊለካ የያዘውን ሜትር ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ቁልፉን ስዘረጋለት ዝም በል ብሎ በእጁ መለሰኝ።

በሰው ትከሻ ላይ ተሻግሬ ጋሽ ብርሃኑ ጆሮ ጋ ደረስኩና፣ "ጋሼ፣ ተሸንፈን እንዲህ ሰው ከመጣ፣ ብናሸንፍ ኖሮ ምን ሊሆን ነበር?" አልኳቸው።

ዓይናቸውን ከሰሌዳው ሳያነሱ፣ "ተሸነፍን አትበል፣ ልጄ" አሉኝ። "አንተ ተሸነፍክ፤ እኛ ተጫወትን።"