ቅዳሜ ዕለት ሞቼ ነበር

ሦስት ሕፃናትን ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ አጫውቶ ማዋል የሚችለው የሞተ ሰው ብቻ ነው። በግምት አይደለም የምናገረው፤ ሞቼ አይቼዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ማልዳ ከቢቸና ወደ ሞጣ ለለቅሶ ስትሄድ ታናናሾቼን፣ ሰላምንና መንትዮቹን፣ ለእኔ ተወችልኝ። "ከግቢ እንዳይወጡ። ጎረቤትም እንዳይረበሽ" አለችኝ።

ረፋዱ ላይ የማውቀው ጨዋታ ሁሉ አለቀ። እኔም አለቅሁ።

"እማዬ የት ሄደች?" አለች ሰላም።

"ለቅሶ።"

"እኛም ለቅሶ እንጫወት።"

አሰብኩበት። ለቅሶ ቤት ተጋድሞ የሚውል አንድ ሰው አለ… "ሬሳው እኔ ነኝ" አልኩ። ሞት ላይቀር ማንቋረር!

ታዲያ እኔ የተበላሸ ሥራ አልወድም። ድንኳን የሌለው ለቅሶ ምን ለቅሶ ነው? የእህል ማስጫውን ሸራ ግቢያችን በር ላይ ወጠርኩ፤ አግዳሚ ደረደርኩ፤ መንትዮቹን ደረት አመታት አሳየሁ። ከዚያ ጋቢዬን ተከናንቤ ሸራው ሥር ተጋደምኩ።

"ወንድሜ ዋርካዬ" አለች ሰላም።

"ዋርካውን ተይው፤ ሥራዬን እያነሳሽ አልቅሺ" አልኳት ከጋቢው ውስጥ።

"ምን ሥራ አለህ?"

"ሬሳ አያወራም" አለ አንዱ መንትያ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ ለቅሶው ወፍሯል። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ከገበያ ሲመለሱ በራችን ላይ ድንኳን አይተው ገብተዋል። "ትናንት አጥሬን የጠገነልኝ ልጅ!" እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ። እስቲ ፍረዱኝ፤ ብነሳ እሳቸው በድንጋጤ ይሞታሉ፤ ተኝቼ ብቀር እናቴ ከሞጣ ስትመለስ ድንኳኑን አይታ ትሞታለች። ደግሞ እትዬ ዘውዴ "ጨዋ፣ አንገቱን የደፋ" ማለት ጀምረው ነበርና ትንሽ ልስማ አልኩ። በቁሜ እንዲህ ያለኝ የለም…

የሸራው አቧራ አስነጠሰኝ።

"ይማርህ ልጄ" አሉና ለቅሷቸውን ቀጠሉ። ከዚያ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

ይኼኔ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። እናቴ ድንኳኑን አየች፤ ዘንቢሏ ከእጇ ወደቀ።

"ማንኛው ነው?" አለች። ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቻላል።

"ጋሼ ነው" አለ መንትያው። "ግን አስነጠሰው።"

እናቴ ጋቢውን ገልጣ ፊቴን ዳበሰችው፤ ግንባሬን ሳመችኝ። መኖሬን ካረጋገጠች በኋላ በጥፊ አለችኝ።

"ጎረቤት እንዳይረበሽ አላልኩህም?"

እትዬ ዘውዴ እንባቸውን ጠርገው ወደ በሩ አመሩ።

"ይቅርታ እትዬ" አልኩ።

ዞር ብለውም አላዩኝ። "እንግዲህ ለቅሶህን ደርሻለሁ፤ ስትሞት እንዳትጠብቀኝ።"